ዘፈንን በሰው አፍ ያናገረ ደራሲ
የጄምስ ጆይስ የሕይወት ታሪክ ባጭሩ



የዛሬው ጽሑፌ የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ ነው። ወደ ታሪኩ ከመግባቴ በፊት ግን ይህን ሰው ለምን እንደመረጥኩ መናገር ይገባኛል። በሥነ ጽሑፍ ክበባችን አንድ ቀን የአንዲት ጓደኛችን አጭር ልብ ወለድ ተነቦ ነበር። በታሪኩ ውስጥ አንድ ወጣት የቀድሞ እጮኛውን አውቶቡስ ተራ ያገኛትና እንዴት ነሽ ይላታል። እሷም በመልስ ፈንታ፣ ከሻይ ቤቱ የሚሰማውን የጥላሁን ገሠሠን ዘፈን እየሰማኸው ነው ወይ ብላ ትጠይቀዋለች። ሌላ ነገር አይባባሉም፤ በዚሁ ይለያያሉ።

እንግዲህ ክርክሩ የተነሣው እዚህ ላይ ነው። ግማሾቻችን እሰየው አልን። ግማሾቻችን ደግሞ ዘፈን ዛሬ ተሰምቶ ነገ ይረሳል፣ ዘፈኑን የማያውቅ አንባቢ ምን ሊሆን ነው፣ ቁም ነገር ባለበት ጽሑፍ ውስጥ የሻይ ቤት ዘፈን ምን ዶለው አልን። ምን እደብቃለሁ፣ ከተቃዋሚዎቹ አንዱ እኔ ነበርኩ። እንዲያውም ድምፄ ከሁሉም ይበልጥ ነበር። ልጅቷ ወረቀቷን አጥፋ ኪሷ ከተተችና ዝም አለች። ከዚያ ወዲህ ለክበቡ አንድም ጽሑፍ አላመጣችም።

ነገሩ ከነከነኝና ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ማገላበጥ ጀመርኩ። በዚህ መካከል ነው ከአየርላንዳዊው ደራሲ ከጄምስ ጆይስ ጋር የተዋወቅሁት። ይህ ሰው በሃያኛው ክፍለ ዘመን ከተነሡት ታላላቅ ደራስያን አንዱ መሆኑን ብዙዎች ይስማማሉ። ታዲያ የሥራው ሁሉ ማገር የመንገድ ዘፈን፣ የሱቅ ማስታወቂያና የቲያትር ቤት ወሬ ሆኖ ባገኘው ጊዜ ያን ቀን የተናገርኩት አሳፈረኝ። ታሪኩ እነሆ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

ልደቱና አስተዳደጉ

ጄምስ ጆይስ የተወለደው ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1882 በአየርላንድ ዋና ከተማ በደብሊን፣ ራትጋር በሚባለው ሰፈር ነው። አየርላንድ በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ አገዛዝ ሥር ነበረች። አባቱ ጆን ጆይስ ግብር ሰብሳቢ ነበር። ከሥራው ይልቅ የሚታወቀው ግን በድምፁ ነው፤ ቴነር የሚባለው ከፍ ያለ የወንድ ድምፅ ነበረው። እናቱ ሜይ ፒያኖ ትጫወት ነበር። እንግዲህ ልጁ ፊደል ሳይቆጥር ዜማ ቆጠረ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አባትየው ጨዋታ አዋቂ፣ ዘፈን አዋቂ፣ ነገር ግን ገንዘብ መያዝ የማይችል ጠጪ ሰው ነበር። የወረሰው ርስት በዕዳ አለቀ፤ ሥራውንም አጣ። በሕይወት የቆዩት ልጆች አሥር ነበሩ፤ ጄምስ የሁሉም ታላቅ ነው። ኪራይ መክፈል እያቃታቸው ዕቃቸውን ጭነው ከቤት ወደ ቤት፣ ከደኅናው ሰፈር ወደ ደሃው ሰፈር ይዘዋወሩ ነበር። ጄምስ በ1888 የገባበትን ጥሩ አዳሪ ትምህርት ቤት በ1891 ለመልቀቅ የተገደደውም ክፍያ በመታጣቱ ነው። በኋላ ግን ቤልቬዴር በተባለው የኢየሱሳውያን ትምህርት ቤት ያለ ክፍያ ተማረ፤ በ1902ም ከደብሊን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በቋንቋ ትምህርት ተመረቀ።

በዚያው በ1902 ዓ.ም. ታናሽ ወንድሙ ጆርጅ ገና የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳለ ታሞ ሞተ። ጄምስ የዬትስን አንድ ግጥም በራሱ ዜማ ለታማሚው ወንድሙ ያንጎራጉርለት እንደነበር የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ይናገራሉ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1903፣ እናቱም ሞተች። እሱ ያን ጊዜ ፓሪስ ሄዶ ነበርና እናትህ ልትሞት ነው የሚል ቴሌግራም ደርሶት ነው የተመለሰው።

ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከብዙ ዓመታት በኋላ ዩሊሲስ በተባለው ትልቁ ልብ ወለዱ ውስጥ ስቲቨን የተባለው ወጣት ያንኑ ግጥም የሚዘምረው ለምትሞተው እናቱ ነው። ደራሲው የወንድሙን ዘፈን ወስዶ ለእናት ሰጠው ማለት ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ዘፈኑ ትዝ ባለው ቁጥር የስቲቨን ልብ ይደማል። አንባቢው ስቲቨን እናቱን ይወድ እንደነበር በአዋጅ አይነገረውም፤ ዘፈኑ ይበቃዋል።

ዘፋኝ ሊሆን ጥቂት የቀረው

ጆይስ ራሱም እንደ አባቱ ቴነር ነበር። በ1904 በደብሊን በሚካሄደው የፌሽ ኬኦል የሙዚቃ ውድድር ላይ ገባ። የተዘጋጀባቸውን ዘፈኖች አሳምሮ ዘፈነ። መጨረሻ ላይ ግን ተወዳዳሪው አይቶት የማያውቀውን ኖታ እያነበበ መዝፈን ነበረበት፤ ይህን አላደርግም ብሎ መድረኩን ለቆ ወረደ። በዚህ ምክንያት የደረሰው የነሐስ ሜዳልያ ብቻ ነው። ከአንድ ዓመት በፊት በዚሁ ውድድር ያሸነፈው ጆን ማኮርማክ ዓለም ያወቀው ዘፋኝ ሆኗል። ሁለቱ በዚያው ዓመት በኦገስት ወር በአንድ መድረክ ላይ አብረው ዘፍነዋል።

በዚሁ ዓመት ጆይስ ጥቂት ሳምንታት በአንድ ትምህርት ቤት አስተምሯል። ከጎልዌይ ከተማ መጥታ በደብሊን በአንድ ሆቴል አልጋ አንጣፊ ሆና ትሠራ የነበረችውን ኖራ ባርናክልንም ያገኘው ያን ጊዜ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው የወጡት ጁን 16 ቀን 1904 ነው ይባላል። በኦክቶበር ወር ሁለቱ ሳይጋቡ ተያይዘው ከአገር ወጡ። አባትየው ልጄ በአንዲት የሆቴል ሠራተኛ ተታለለ ብሎ አዘነ፣ ተቆጣም።

ስደተኛው መምህር

እንደኛ መምህር ነበር ብላችሁ አትደነቁ። ጆይስ እንጀራውን ለብዙ ዓመታት የበላው በጠመኔ ነው። በቅድሚያ ፖላ በምትባል ወደብ ከተማ፣ በርሊትዝ በተባለው የቋንቋ ትምህርት ቤት ለኦስትሪያ የባሕር ኃይል መኰንኖች እንግሊዝኛ አስተማረ። በ1905 ወደ ትሪየስት ከተማ ተዛወረ። ትሪየስት ዛሬ የኢጣልያ ከተማ ናት፤ ያን ጊዜ ግን የኦስትሪያና ሀንጋሪ ግዛት ወደብ ነበረች። ልጆቹ ጆርጂዮና ሉቺያ የተወለዱት እዚያ ነው። ደመወዙ አነስተኛ፣ ዕዳው ብዙ ነበር፤ ታናሽ ወንድሙ ስታኒስላውስ መጥቶ አብሮት እያስተማረ ቤቱን ባይደግፍለት ኖሮ እንዴት ይሆን እንደነበር እንጃ።

ከግል ተማሪዎቹ አንዱ የቀለም ፋብሪካ ነጋዴ የነበረው ኤቶሬ ሽሚትስ ነው። ይህ ሰው ኢታሎ ዝቬቮ በሚል የብዕር ስም ሁለት ልብ ወለዶች ጽፎ አንባቢ በማጣቱ ብዕሩን ጥሎ ነበር። ጆይስ መጻሕፍቱን አንብቦ አበረታታው። ተማሪውም በበኩሉ የመምህሩን ረቂቅ አንብቦ አስተያየት ሰጠው። ዝቬቮ በኋላ በ1923 ያሳተመው የዜኖ ሕሊና የተባለው መጽሐፍ ዛሬ በኢጣልያ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ትልቅ ቦታ አለው። መምህር አንድን የተዘጋ ሰው እንዴት መክፈት እንደሚችል ከዚህ በላይ ምሳሌ አላገኘሁም።

የተሳሳተው ዘፈን

ጆይስ ከአገሩ ርቆ ሳለ የጻፈው ስለ አገሩ ብቻ ነው። ደብሊናውያን የተባለው የዐሥራ አምስት አጫጭር ልብ ወለዶች ስብስብ በአብዛኛው የተጻፈው በትሪየስት ነው። ከነዚህ ውስጥ ጭቃ የሚል ርእስ ያለው አለ። ማሪያ የምትባል አነስተኛ ሥራ ያላት፣ ያላገባች፣ ዕድሜዋ የገፋ ሴት በልጅነቱ ካሳደገችው ከጆ ቤት ለበዓል ትጋበዛለች። ቤተሰቡ ዝፈኝልን ይላታል። እሷም በዚያን ዘመን ደብሊን ውስጥ ሁሉ የሚያውቀውን አንድ የኦፔራ ዘፈን ትዘፍናለች።

ታዲያ ሁለተኛው አንጓ ላይ ስትደርስ የመጀመሪያውን ደግማ ትዘፍነዋለች። ስሕተቷን የነገራት ሰው የለም። ጆ እንባው መጥቶበት የሚፈልገውን ነገር ማየት ያቅተውና የቡሽ መክፈቻው የት እንዳለ ሚስቱን ይጠይቃል። ታሪኩ በዚህ ያበቃል።

የተዘለለው አንጓ ስለ ምን እንደሆነ ያወቀ አንባቢ ግን ቀጥ ይላል። የተዘለለው ስለ ፈላጊዎች፣ ስለሚያጩ ወንዶች ነውና! ማሪያ ያልታጨች ሴት ናት። አፏ ያን አንጓ መጥራት አልቻለም፤ ወይም አልፈለገም። ደራሲው ይህን አይነግረንም። ዘፈኑን የሚያውቅ ይገባዋል፤ የማያውቅም ቢሆን የሰዎቹን ዝምታና የጆን እንባ ያያል። በእኛ አገር ቅኔ ሰምና ወርቅ እንዳለው ሁሉ ይህም ሰም ብቻ ለሚያይ ሰም፣ ወርቅ ለሚፈልግ ወርቅ ይሰጣል።

በደረጃው ላይ የተሰማው ዜማ

የመጽሐፉ የመጨረሻና ረጅሙ ታሪክ ሙታን ይባላል። ጆይስ የጻፈው በ1907 ነው። ባለታሪኩ ገብርኤል መምህር ነው። አክስቶቹ ሙዚቃ አስተማሪዎች ናቸው፤ በገና ሰሞን ድግስ ይደግሳሉ።

በማእድ ላይ ወሬው ስለ ዘፋኞች ነው። ሽማግሌው እንግዳ የድሮዎቹን የኦፔራ ዘፋኞች እያነሡ የዛሬዎቹ ምን ዘፋኝ ናቸው ይላሉ። አሮጊቷ አክስት ደግሞ ከሁሉ የበለጠ የምትለው ማንም የማያስታውሰውን አንድ ቴነር ነው። በመካከሉ ፍሬዲ የተባለው ጠጪ ሰው በአንድ ቲያትር ቤት የሚዘፍን አንድ ጥቁር ሰው አለ፣ እንደሱ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም ይላል። ሰዉ ያሾፍበታል፤ ሌላም መልስ አይሰጠውም። ፍሬዲ ግን ጥቁር ስለሆነ ድምፅ ሊኖረው አይችልም ወይ ብሎ ይጠይቃል። አሁንም የሚመልስለት የለም፤ ወሬው ወደተከበረው ኦፔራ ይመለሳል። አያችሁ? ደራሲው ስለ ዘር ንቀት አንድ መስመር ንግግር አላደረገም። ስለ አንድ ዘፋኝ የተደረገ ተራ ወሬና አንድ ዝምታ የማእዱን ሰዎች ሁሉ ገልጦ አሳየን። ይህን ሳነብ እኔ የማከብረው ጥያቄውን የጠየቀውን ሰካራም ሆኖ አገኘሁት።

ድግሱ አልቆ እንግዶች ሲበታተኑ ገብርኤል ሚስቱን ግሬታን ደረጃው ላይ ቆማ ያያታል። ከላይ ክፍል አንድ ሰው በሻከረ ድምፅ የድሮ የአገር ቤት ዘፈን ይዘፍናል። ዘፈኑ የኦክሪም ልጃገረድ ይባላል፤ ሕፃን ታቅፋ በዝናብ በጌታ ደጃፍ ቆማ ክፈቱልኝ ስለምትል ልጅ የሚተርክ ነው። ጆይስ ከዘፈኑ የሚያሰማን ጥቂት ስንኝ ብቻ ነው። ገብርኤል ሚስቱ እንዲህ ተመስጣ ሲያያት ፍቅሩ ይነሣሣል።

ሆቴል እንደ ደረሱ ምን እንደምታስብ ይጠይቃታል። ስለዚያ ዘፈን ነው ትለውና በለቅሶ ትወድቃለች። ያን ዘፈን ጎልዌይ ሳለች ማይክል ፉሪ የሚባል የዐሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ይዘፍነው ነበር። ታሞ ሳለ ልሰናበታት ብሎ በዝናብ መስኮቷ ሥር መጥቶ ቆመ፤ ከጥቂት ቀን በኋላም ሞተ። ገብርኤል በመጀመሪያ በሹፈት ልጁ ሥራው ምን ነበር ይላል። ጋዝ ማምረቻ ውስጥ ይሠራ ነበር ትለዋለች። ሹፈቱ በራሱ ላይ ይመለሳል። እሱ ይህን ያህል ዘመን አብሯት ኖሮ፣ ለእሷ ብሎ የሞተ ሰው መኖሩን የነገረው አንድ ዘፈን ነው።

ይህ የፈጠራ ወሬ ብቻ አይደለም። ኖራ በጎልዌይ ሳለች የምታውቀው ማይክል ቦድኪን የተባለ ወጣት በለጋነቱ ሞቷል። ጆይስ ይህን ከኖራ ሰምቶ ነበር። በ1909 ጎልዌይ ሄዶ የኖራን እናት ጎበኘ፤ እሳቸውም ያንኑ ዘፈን ዘፈኑለት።

አባትና ልጅ በፒያኖ ሲታረቁ

በዚያው በ1909 ጆይስ ደብሊን ሲገባ ከአባቱ ጋር የተደረገውን የሕይወት ታሪኩ ጸሐፊዎች እንዲህ ይተርኩታል። አባትና ልጅ ኖራን ይዞ በመሄዱ የተነሣ ከተቀያየሙ አምስት ዓመት ሊሆናቸው ነው። አባትየው ልጁን ከከተማ ወጣ ወደ አለ ስፍራ በእግር ይዞት ሄደ። መንገድ ላይ አንድ መጠጥ ቤት ገቡ። በማእዘኑ ፒያኖ ነበር። አባት አንድ ቃል ሳይናገር ተቀመጠና ከቬርዲ ኦፔራ ከላ ትራቪያታ አንድ ዘፈን እየተጫወተ ዘፈነ። ከዚያም ልጁን ምን እንደሆነ ታውቀዋለህ አለው። ልጁም የአልፍሬዶ አባት የሚዘፍነው ነው ብሎ መለሰ። ከዚህ በላይ ምንም አልተባለም።

ኦፔራውን ለማታውቁት ላስረዳ። አልፍሬዶ አባቱ ከማይወዳት ሴት ጋር የኖረ ወጣት ነው። አባትየው ጣልቃ ገብቶ ይለያያቸዋል፤ በኋላ ግን ይጸጸታል። እንግዲህ የጆይስ አባት በአፉ ሊለው ያልቻለውን በሌላ አባት ዜማ አለ። ልጁም ይቅር ብያለሁ አላለም፤ ዘፈኑን አውቄዋለሁ ነው ያለው። አባትና ልጅ በዚህ ታረቁ።

ይህን ባነበብኩ ጊዜ መጽሐፉን ዘጋሁት። አውቶቡስ ተራ የነበረችው ልጅ ትዝ አለችኝ። እንዴት ነሽ ሲላት ዘፈኑን እየሰማኸው ነው ወይ ያለችው ልጅ ያደረገችው ይህንኑ ነበር። እኔ ከርእስ ወጥታለች ብዬ ነበር የፈረድኩት።

ስም በመጥራት የመጣ ጣጣ

ጆይስ እንዲህ ሲጽፍ የከፈለው ዋጋ ቀላል አይደለም። ደብሊናውያንን አንድ የለንደን አሳታሚ በ1906 ተቀብሎ በኋላ እምቢ አለ። ቀጥሎ አንድ የደብሊን አሳታሚ በ1909 ተዋዋለው። ነገር ግን በየታሪኩ ውስጥ እውነተኛ የመጠጥ ቤቶች ስም፣ የባቡር ኩባንያ ስም፣ ደግሞም ስለ ሟቹ ንጉሥ ስለ ኤድዋርድ 7ኛ የሚወራ ወሬ ነበር። አሳታሚው ስሞቹ ይቀየሩ፣ ወሬውም ይውጣ አለ። ጆይስ ጥቂቱን ሊያሻሽል ፈቀደ፤ ስሞቹን ግን የሐሰት ስም አላደርጋቸውም አለ። ስለ ንጉሡ የተባለው ያስቀይም እንደሆነ በ1911 ለልጃቸው ለጊዮርጊስ 5ኛ ሳይቀር ጽፎ ጠየቀ። የንጉሡ ጸሐፊ በዚህ ጉዳይ ሐሳብ መስጠት ለግርማዊነታቸው አይገባም ብሎ መለሰለት።

በ1912 የታተመው ወረቀት መጽሐፍ ሳይሆን ተደመሰሰ። ጆይስ በዚያው ከአየርላንድ ወጣ፤ ዳግመኛም አልተመለሰም። መጽሐፉ የወጣው በ1914፣ ያውም በመጀመሪያ እምቢ ባለው በለንደኑ አሳታሚ ነው። ሰው ስሙ ሲቀየር ሌላ ሰው ይሆናል፤ ሰፈርም እንዲሁ ነው። ጆይስ ዘጠኝ ዓመት ያህል የተከራከረው ለዚህ ነው።

የአንድ ቀን መጽሐፍ

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ጆይስ ከነቤተሰቡ በ1915 ወደ ስዊዘርላንድ፣ ወደ ዙሪክ ሄደ። በ1916 የአርቲስቱ ምስል በወጣትነቱ የተባለው ልብ ወለዱ ታተመ። ከጦርነቱ በኋላ በ1920 ፓሪስ ገባ። ዓይኑ እየታመመ ብዙ ጊዜ ቀዶ ጥገና ተደርጎለታል፤ በትልልቅ ፊደል እየጻፈ ሥራውን ቀጠለ። ዩሊሲስ አርባኛ ዓመቱን በያዘበት ቀን፣ ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1922፣ ፓሪስ ውስጥ በመጽሐፍ ሻጯ በሲልቪያ ቢች አሳታሚነት ወጣ። አሜሪካ ውስጥ ጸያፍ ነው ተብሎ ታግዶ ነበር፤ የታገደው መጽሐፍ በ1933 በፍርድ ቤት ነፃ ወጣ።

መጽሐፉ የሚተርከው አንድ ቀን፣ ጁን 16 ቀን 1904ን፣ ማለትም ከኖራ ጋር የወጣበትን ቀን ነው። ባለታሪኩ ሊዮፖልድ ብሉም የጋዜጣ ማስታወቂያ ለቃቃሚ ነው፤ ሚስቱ ሞሊ ዘፋኝ ናት። የኮንሰርት ዝግጅቷን የሚመራው ቦይላን ከሰዓት በኋላ ቤቷ እንደሚመጣ ብሉም ያውቃል። ጠዋት ምን ትዘፍኛለሽ ብሎ ይጠይቃታል፤ እሷም ሁለት ዘፈን ትጠራለታለች። አንዱ ከሞዛርት ኦፔራ ከዶን ጆቫኒ ነው፤ አንድ ወንድ ልትጋባ የተዘጋጀችን ሴት የሚያባብልበት ነው። ባልና ሚስት ስለ ዘፈን ያወሩ ይመስላሉ፤ የሚያወሩት ግን ስለ ሌላ ነው። ሁለቱም ያውቃሉ፤ ሁለቱም አይናገሩም።

ከሰዓት በኋላ ብሉም በአንድ ሆቴል ምግብ ቤት ተቀምጦ ሳለ በቀጣዩ ክፍል ሰዎች ፒያኖ ከበው ይዘፍናሉ። አንዱ ስለጠፋች ፍቅረኛ ይዘፍናል። ሌላው ስለ 1798ቱ የአየርላንድ ዐመፅ የሚተርክ ዘፈን ይዘፍናል፤ አንድ ወጣት ዐመፀኛ ኃጢአቱን ለቄስ ሲናዘዝ ቄሱ ልብስ የለወጠ የእንግሊዝ ወታደር ሆኖ ይገኛል። ይህን ጊዜ ነው ቦይላን ወደ ብሉም ቤት የሚሄደው። ስለ ክህደት የሚዘፈን ዘፈን የተከዳውን ሰው ያገኘዋል። ብሉም አያለቅስም፤ ተነሥቶ ይወጣል።

ማስታወቂያም እንደዚሁ ነው። ጠዋት ብሉም ጋዜጣ ላይ፣ ከሙታን ስም ዝርዝር በታች፣ የታሸገ ሥጋ ማስታወቂያ ያያል፤ ያ ሥጋ የሌለበት ቤት ጎደሎ ነው የሚል ነው። ምን ዓይነት ሞኝ ማስታወቂያ ነው ብሎ ይስቃል። ሌሊት አልጋው ላይ ሲወጣ የዚያው የታሸገ ሥጋ ፍርፋሪ ያገኛል። ጠዋት ያሳቀን ማስታወቂያ ማታ የአንድን ቤት ጉድለት ይነግረናል።

ለቋንቋ ተማሪዎች አንድ ነገር ልጨምር። ጆይስ ለምልልስ የትእምርተ ጥቅስ ምልክት አይወድም ነበር፤ ንግግሩን በሰረዝ ነው የሚጀምረው። በዚህ ምክንያት የሰው ንግግር፣ የሰው ሐሳብና የሚሰማው ዘፈን እርስ በርሳቸው ይፈስሳሉ። እውነትም እኛ ስንነጋገር ከጓደኛችን ቃል ጋር የታክሲው ዘፈን ይደባለቅ የለም እንዴ?

ሳይወደስ ብቻ እንዳይቀር

ጉድለቱንም አለመናገር አድልዎ ይሆናል። ጆይስ እየቆየ ሲሄድ ዘፈኑና ቀልዱ ከመጠን በላይ በዛ። የመጨረሻ መጽሐፉን ፊኔጋንስ ዌክን ለመጻፍ 16 ዓመት ያህል ፈጅቶበታል፤ የወጣው በ1939 ነው። ስያሜው ከመሰላል ወድቆ ሞተ ተብሎ በለቅሶው ላይ ውስኪ ሲፈስበት ስለሚነሣ ሠራተኛ ከሚተርክ አስቂኝ የመንገድ ዘፈን የተወሰደ ነው። ነገር ግን መጽሐፉ ከብዙ ቋንቋ በተቀላቀለ ቃል ስለተጻፈ ያለ አስረጂ የሚያነበው ጥቂት ነው። ያን ዕለት አንባቢ ምን ይሆናል ያልነው ሰዎች ፈጽሞ አልተሳሳትንም ማለት ነው። ነገር ግን የተሳሳትነው መጠኑን ሳይሆን ነገሩን ራሱን በመከልከላችን ነው።

ከደብሊናውያን የምንማረው ይህን ይመስለኛል። አንደኛ፣ ዘፈኑ የሚናገረው ሰው የሚያውቀው ዘፈን ይሁን። ማሪያ የማሪያን፣ አክስቲቱ የዘመኗን፣ ፍሬዲ የሚሄድበትን ቲያትር ቤት ነው የሚጠሩት፤ ደራሲው ዐዋቂ ነኝ ለማለት የጠራው የለም። ሁለተኛ፣ ዘፈኑን የማያውቅ አንባቢ ቢያንስ ሰውየው ምን እንደሆነ ይይ። የግሬታን ለቅሶ ለመረዳት የአየርላንድ ዘፈን ማወቅ ግድ አይደለም። ሦስተኛ፣ ዘፈኑ ሰው ሊናገረው ያልቻለውን ይሸከም። መናገር የሚቻለውን ለመናገር ዘፈን አያስፈልግም።

ዕረፍቱ

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጥቶ ጀርመኖች ፈረንሳይን ሲይዙ ጆይስ በ1940 መጨረሻ እንደገና ወደ ዙሪክ ሸሸ። ልጁ ሉቺያ በአእምሮ ሕመም ፈረንሳይ ውስጥ ሆስፒታል ስለነበረች ይዟት ለመውጣት ቢደክምም አልተሳካለትም። ብዙም ሳይቆይ ትንሹ አንጀቱ ቆስሎ ተበሳ፤ ቀዶ ጥገና ተደረገለት፤ ጃንዩዋሪ 13 ቀን 1941 በ58 ዓመቱ ዐረፈ። ኖራ እስከ 1951 ኖራለች። በ1931 ለንደን ውስጥ በሕግ ተጋብተው ነበር።

የተቀበረው በዙሪክ፣ ፍሉንተርን በተባለው መቃብር ነው። በቀብሩ ላይ አንድ ቴነር ከሞንቴቬርዲ ኦፔራ ከኦርፌዎ ምድርንና ሰማይን የሚሰናበተውን ዘፈን ዘፈነለት። ከዘፋኝ ቤት የተወለደው ሰው በዘፈን ተሸኘ። ጁን 16 ቀን ደግሞ እስካሁን በየዓመቱ ደብሊን ውስጥና በሌሎችም አገሮች በባለታሪኩ በብሉም ስም ይከበራል።

እንግዲህ አንባቢያን፣ እኛ ነገ በየገጠሩ ስንመደብ ድርሰት የምናርመው እኛ ነን። አንድ ልጅ በድርሰቱ ውስጥ አያቱ እህል ስትፈጭ የምታንጎራጉረውን ቢጽፍ ቀይ እስክሪብቶ ይዘን ከርእስ ውጪ ልንለው እንችላለን። እንዲያ ያልነው ልጅ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ይከታል። ሁለተኛ ላያወጣውም ይችላል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ያደረግሁትም እኔ ነኝ።

ስለዚህ ይህን ጽሑፍ የማበቃው ለአንድ አንባቢ በመናገር ነው። እህቴ፣ ራስሽን ታውቂያለሽ። የአውቶቡስ ተራዋ ልጅ የተናገረችው አሁን ገብቶኛል። ያን ወረቀት ከኪስሽ አውጪው፤ ለሚቀጥለው እትም ከዚህ ከእኔ ጽሑፍ ጎን ይለጠፍ።

ቸር እንሰንብት።